ኖቤሊየም 254 በእርግጥ ይሽከረከራል ወይ? ለጅማዋ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የኖቤሊየም 254ን (102 ፕሮቶንና 152 ኒውትሮን ያለው ከባድ ኒውክለስ) የመሽከርከር እርከኖች በሞዴል ማስላት ጀምሬያለሁ። በመማሪያ መጽሐፉ ቀመር ሳሰላ ታች ያሉት ልክክ ይላሉ፣ ወደ ላይ ስወጣ ግን ከተለካው እየራቀ ይሄዳል። አማካሪዬ ‹ፔሪንግ (የቅንጣቶች መጣመር) አስገቢበት› አሉኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ለመሆኑ ኒውክለስ በእርግጥ ይሽከረከራል ወይስ እንዲያው አነጋገር ነው? ከሞዴሎቹስ የቱን ልያዝ? አክስለሬተር (ቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ) በሌለበት አገር ሆኜስ ምን የሚረባ ነገር ልሠራ እችላለሁ?»

ሰላም እህቴ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «እየራቀ ይሄዳል» ያልሽው ነገር ችግር መስሎሽ ከሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ዋናው ፊዚክስ ያለው እዚያ ነው። ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ «አነጋገር ነው ወይ» ላልሽው። አይደለም፣ በእርግጥ ይሽከረከራል። ግን አዟዟሩን መለየት ያስፈልጋል። ድቡልቡል ኒውክለስ በኳንተም ሕግ መዞር አይችልም። ዞረ ቢባል ምኑ ተለወጠ? በየትም በኩል ብታይው ያው ነው። መዞር የሚችለው ቅርጹ ከድቡልቡልነት የወጣ ነው። ኖቤሊየም 254 ደግሞ ሞላላ ነው፤ ቁመቱ ከወርዱ በሩብ ገደማ ይበልጣል። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱ የሚሾረው በራሱ ቁመት ዙሪያ ነው፤ ይሄ ግን እንደዚያ አይሾርም። ሁለቱ ጫፎቹ ቦታ እየተለዋወጡ፣ በወርዱ በኩል ባለው ዘንግ ዙሪያ ይገለባበጣል። ፍጥነቱን ልንገርሽ? ስፒኑ፣ ማለትም የመዞሩ መጠን በኳንተም መለኪያ፣ 16 አካባቢ ሲደርስ በሴኮንድ ወደ 50 ቢሊዮን ቢሊዮን ዙር ነው። የጻፍኩትን በትክክል ነው ያነበብሽው፣ ቢሊዮን ሁለት ጊዜ ነው።

ይሄንን ማንም በዓይኑ አላየውም። የሚታየው ጋማ ጨረር ነው። የሚዞረው ኒውክለስ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በደረጃ ነው። ስፒኑ ከ16 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 12 እያለ ሁለት ሁለት እየጣለ ይወርዳል፣ በየደረጃው አንድ ጨረር ይለቃል። የጨረሮቹ ኢነርጂ በእኩል ርቀት እንደተተከለ አጥር ተደርድሮ ሲገኝ፣ ጨረሮቹም አንድ ፕሮቶን ብቻውን ቦታ ቢቀይር ከሚያወጣው እጅግ ፈጥነው የሚለቀቁ ሲሆኑ፣ መላው ኒውክለስ አብሮ እየዞረ ነው ከማለት ሌላ ማብራሪያ የለም። ኦገ ቦርና ቤን ሞተልሰን ይሄንን ሐሳብ በ1950ዎቹ አዳበሩት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ከጄምስ ሬንዋተር ጋር ኖቤል የተሸለሙት በ1975 ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። አንቺ የተጠቀምሽበት ቀመር ኢነርጂ = ሀ × ስ × (ስ + 1) የሚለው ነው፤ ስ ስፒኑ ነው፣ ሀ ደግሞ ቋሚ ቁጥር። የመጀመሪያው እርከን፣ ስፒን 2፣ ከመነሻው 44 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (ከዚህ በኋላ ኪ.ኤ.ቮ. እላለሁ) ከፍ ይላል። ስለዚህ ሀ ማለት 44 ሲካፈል ለ6 ነው፣ 7.33 ገደማ። በዚህ ብታሰይ ከ4 ወደ 2 የሚወርደው 103፣ ከ6 ወደ 4 የሚወርደው 161፣ ከ8 ወደ 6 ደግሞ 220፣ ቀጥሎ 279፣ 337፣ 396 ይሆናል። የተለካውስ? በቅደም ተከተል 102፣ 159፣ 214፣ 267፣ 318፣ 367 ገደማ ነው። አየሽው? መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ አንድ ሁለት ኪ.ኤ.ቮ. ነው፤ ከ14 ወደ 12 ስንደርስ 29 ሆነ። አቅጣጫው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ የተለካው ከተሰላው ያንሳል። እንዲህ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያጋድል ልዩነት የመለኪያ ስህተት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ አያውቀውም። 44 የምትለዋ ቁጥር የኖቤሊየም 254 መሽከርከር መጀመሪያ በተለካበት በ1999ኙ ሙከራ በጋማ ጨረርነት አልታየችም። ምክንያቱም በዚህ ከባድ አተም ውስጥ ይሄን የመሰለ ትንሽ ኢነርጂ በጨረር መልክ አይወጣም፣ በዙሪያው ያለውን ኤሌክትሮን ነው የሚመታው፤ ኤሌክትሮኑ ተባርሮ ይወጣል፣ ጋማው ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ላይኛዎቹን ጨረሮች ይዘው፣ አካሄዳቸውን በለሰለሰ ቀመር ወደ ታች ስበው ነው 44 ያሉት። እርከኖቹ ላይ የተጻፉት የስፒን ቁጥሮችም የተመደቡት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሞዴልሽን 44 ላይ ብቻ ካስተካከልሽ፣ በራሱ በሞዴል የተገኘን ቁጥር ነው የምታመልኪው ማለት ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ይነግረናል? ሀ ውስጥ የተደበቀው ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ነው፣ ኒውክለሱ ለመዞር የሚያሳየው እምቢታ። ሀ ሲያንስ ሞመንቱ ይጨምራል። ከእያንዳንዱ ጨረር ለብቻው አስይው፦ የላይኛውን ስፒን እጥፍ አድርገሽ አንድ ቀንሺለት፣ ከዚያ በጨረሩ ኢነርጂ አካፍዪው። በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ካሰላሽ የመጀመሪያው 68 ይመጣል። ከ8 ወደ 6 ያለው 70፣ ከ12 ወደ 10 ያለው 72፣ ከ14 ወደ 12 ያለው ወደ 74። እያደገ ነው። ይሄን በኤክሴል መሥራት ይቻላል፣ ፈረንጅ አራዳ ካፌ ቁጭ ብለሽ ቡናው ሳይቀርብ ታልቂዋለሽ።

አሁን ሌላ ቁጥር አምጪ። ይሄው ኒውክለስ እንደ ድንጋይ ጠጣር ቢሆን ኖሮ ሞመንቱ ስንት ይሆን ነበር? በክብደቱና በስፋቱ ሲሰላ 140 ይሆናል፣ ሞላላነቱን ካስገባሽ ወደ 150 ይጠጋል። የተለካው ግን 68 ነው። ግማሽ አይሞላም! ግማሹ የት ሄደ? አማካሪሽ «ፔሪንግ አስገቢበት» ያሉት ለዚህ ነው። ትክክል ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውክለስ ውስጥ ያሉት ኒውትሮኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፣ ፕሮቶኖቹም እንዲሁ። አንዱ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ሌላው በተቃራኒው ይዞራል፣ የሁለቱ ስፒን ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ይሄን ጥንድ ለመፍታት ኢነርጂ ይጠይቃል። በዚህ ክብደት ላይ ላለ ኒውክለስ የመማሪያ መጽሐፉ ግምት ለያንዳንዱ ወደ 0.75 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ጥንድ ሲፈታ ሁለቱም ናቸውና እጥፉን ያዢ። የኒውክለሱ መዞር ማለት በየግል ምህዋራቸው ያሉት ቅንጣቶች ትንሽ ትንሽ ስፒን ወደ መዞሪያው ዘንግ ማዋጣት ነው። ተጣምረው ከተያዙ ግን ማዋጣት ይከብዳቸዋል። ቤልያዬቭ በ1959 ያወጣው ቀመር ይሄን በግልጽ ያሳያል። ቀመሩ የብዙ ክፍልፋዮች ድምር ነው። ከታች የሁለት ቅንጣቶች ኢነርጂ ድምር አለ፣ ፔሪንግ ሲጨምር ያ ያድጋል፣ ክፍልፋዩ ያንሳል። ከላይ ደግሞ ፔሪንግ የሚያመጣው ማጣፊያ አለ፤ በተለይ ከፌርሚ እርከን (ቅንጣቶች ከሞሉት የመጨረሻው) አጠገብ ያሉትን፣ ማለትም ብዙ ያዋጡ የነበሩትን፣ ወደ ዜሮ ይጫናቸዋል። ከላይም ከታችም ይመታል። ፔሪንጉን አጥፍተሽ ብታሰይው መልሱ ወደ ጠጣሩ ቁጥር ይጠጋል። እባክሽ ይሄን በራስሽ ኮድ ሞክሪው፣ ማንበብና ማየት አንድ አይደሉም።

እሺ፣ ለምን እያደገ ይሄዳል? ኒውክለሱ በፈጠነ ቁጥር የኮሪዮሊስ ኃይል (በሚዞር ነገር ውስጥ በሚንቀሳቀስ ላይ የሚታየው) ጥንዱን ይጎትታል። የሚገርመው ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚጎትታቸው፤ አንዱን ከዘንጉ ጋር ያስማማል፣ ሌላውን ያጣላል። ጥንዱ ይላላል፣ ፔሪንግ ይዳከማል፣ ሞመንቱ ያድጋል። በዚህ ጉተታ ብዙ የሚጎዱት ትልቅ የግል ስፒን ያላቸው ናቸው። በእኛ አካባቢ እነሱ ጄ 15/2 በሚባል ምህዋር ያሉት ኒውትሮኖችና አይ 13/2 በሚባል ምህዋር ያሉት ፕሮቶኖች ናቸው። አንዳንድ ኒውክለስ ላይ ጥንዱ ቀስ ብሎ በመላላት ፋንታ በአንድ ጊዜ ይፈታል፣ የሞመንቱ ግራፍም ወደ ኋላ ይታጠፋል። ይሄን መጀመሪያ ያዩት በ1971 ስቶክሆልም ውስጥ፣ በዲስፕሮሲየም ላይ ነው። ኖቤሊየም 254 ግን እስከተለካበት ድረስ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ነገር አላሳየም፣ ለስለስ ብሎ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ሞመንቱን እንደ ውጤት ብቻ አትቁጠሪው። ፔሪንጉ ምን ያህል እንደሆነ፣ የፌርሚ እርከኑ አጠገብ እነማን እንደተቀመጡ የሚናገር ምስክር ነው። የምነግርሽ ዋና ነገር ይሄ ነው፤ የሞዴል ምርጫሽም ከዚህ ይነሳል።

ሞዴሎቹን ባጭሩ። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው፣ ክራንኪንግ ይባላል። ኢንግሊስ በ1954 ያመጣው ነው። ኒውክለሱን ከውጭ ሆነሽ በቋሚ ፍጥነት ታዞሪዋለሽ፣ አንቺም አብረሽው እየዞርሽ ታይዋለሽ። ሒሳቡ ላይ የሚጨመረው አንዲት ቃል ናት፦ ከመደበኛው ሃሚልቶኒያን (የኒውክለሱ ጠቅላላ ኢነርጂ መግለጫ) ላይ ፍጥነቱ ሲባዛ በዘንጉ አቅጣጫ ያለው ስፒን ይቀነሳል። ልዩነቱ መደበኛው ሃሚልቶኒያን ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን ኒልሰን በ1955 እንዳደረገው ሞላላ ጉድጓድ ራሱ ሠርቶ ቅንጣቶቹን ይጨምርበታል። ሌላው ወገን ከቅንጣቶቹ ኃይል ተነስቶ ጉድጓዱ ራሱ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ስካይርም፣ ጎኚ፣ ሪላቲቪስቲክ ሚን ፊልድ የሚባሉት እዚህ ናቸው። በ2000 እና በ2001 ኖቤሊየም 254ን በጎኚም በስካይርምም አስልተውታል። ቅርጹን፣ የሞመንቱን አካሄድ ጥሩ አድርገው አወጡ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ሁለተኛው ዘመናዊ ስለሆነ እሱን ያዢ የሚልሽ ብዙ ነው። እኔ ግን ቸኩለሽ እንዳትገቢበት እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በ2012 ፊንላንድ ዩቫስኩላ ውስጥ ከኖቤሊየም በላይ ያለውን ራዘርፎርዲየም 256ን ሲሽከረከር ለኩት። ፕሮቶኑ 104 ነው። ታይታኒየም 50ን በእርሳስ 208 ላይ ተኩሰው ሁለት ኒውትሮን ሲወጣለት የሚቀረው ነው። የመፈጠር ዕድሉ 17 ናኖባርን ገደማ ነው፤ ኖቤሊየም 254 ማይክሮባርን (የናኖባርን ሺህ እጥፍ) ውስጥ ስለሆነ ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጥቂት ኒውክለስ ውስጥ እስከ ስፒን 20 የሚደርስ የእርከኖች ሰንሰለት አገኙ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ሞዴሎች ደግሞ ፕሮቶን 104 ላይ በቅንጣት እርከኖች መካከል ሰፊ ክፍተት አለ ብለው ነበር። ክፍተት ካለ ፔሪንግ እዚያ ይዳከማል፣ ሞመንቱም እንደዚያው ይለወጣል። መረጃው ግን ክፍተቱ የለም አለ። ሞዴሎቹ የስፒን 2ቱን እርከን ኢነርጂ ጥሩ አድርገው ሊያወጡ ይችላሉ፣ የእርከኖቻቸው ቅደም ተከተል ግን የተሳሳተ ነበር። አንድ ቁጥር መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም የምልሽ ለዚህ ነው። ፔሪንጉን ትንሽ ብታጠነክሪው ወይም ብታላሊው 44ን ሁልጊዜ ማምጣት ትችያለሽ፣ የእርከኖቹ ስህተት በፔሪንጉ ይሸፈናል።

ሌላው ምሳሌ የበለጠ ደስ ይለኛል። ኖቤሊየም 252 እና 254 ልዩነታቸው ሁለት ኒውትሮን ነው። ታች ሲሆኑ ይመሳሰላሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን የ252 ሞመንት ፈጥኖ ይነሳል፣ የ254 ይዘገያል። ሁለት ኒውትሮን ብቻ! ኒውትሮን 152 ላይ ክፍተት እንዳለ ከድሮም ይታወቃል፣ እሱ ብቻውን ግን ልዩነቱን አያብራራም። በ2012 የወጣ አንድ ሥራ ቅርጹ ላይ ተራ ሞላላነት ብቻ ሳይሆን ቤታ 6 የሚባለውን ረቂቅ እጥፋት ሲጨምሩ ነገሩ እንደሚፈታ አሳየ። ያ እጥፋት ጄ 15/2 ኒውትሮኖችን ከ152ቱ ክፍተት ሥር ወደ ታች ይገፋቸዋል፣ ስለዚህ ሲፈጥን ለመላላት ይዘገያሉ። ልብ በዪ፣ ይሄ የተገኘው ተመራማሪው ራሱ በሚሠራው ጉድጓድ ነው፣ «አሮጌው» በሚባለው መንገድ።

እና ለአንቺ የምመክረው ኒልሰንን ይዘሽ በገዛ እጅሽ እንድትጽፊው ነው። የኦሲሌተር ዛጎሎችን (የእርከን ቡድኖችን) ከ0 እስከ 8 ብትወስጂ ከነስፒናቸው 330 ሁኔታዎች ናቸው። በሲሜትሪ ስትከፍያቸው ማትሪክሶቹ ከመቶ ያነሱ ይሆናሉ። ለላፕቶፕ ምንም ማለት አይደለም። ለኒውትሮኖቹ አንድ ሁለት ዛጎል ጨምሪ፣ ጄ 15/2 በደንብ እንዲወጣልሽ። መጀመሪያ ሳይዞር አሰይ፣ ፔሪንጉን በቢሲኤስ (ጥንዶችን በአማካይ የሚያሰላ ዘዴ) አስገቢ፣ በቤልያዬቭ ቀመር ሞመንቱን አውጪ። 68 አካባቢ ከመጣልሽ መሠረቱ ተጥሏል። ከዚያ ክራንኪንጉን ጨምሪና በየፍጥነቱ አስይው፤ ስፒኑ ደግሞ በየደረጃው የስ × (ስ + 1) ስኩዌር ሩት እንዲሆን ፍጥነቱን አስተካክዪ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ። ክፍተቱ ሰፊ በሆነበት ቦታ፣ በተለይ ኒውትሮን 152 ላይ፣ ቢሲኤስ ድንገት ይወድቃል፤ ፔሪንጉ ዜሮ ይሆናል፣ ሞመንቱ ይዘላል። ግራፉ ላይ የጥንድ መፈታት ይመስላል፣ ግን አይደለም፣ የሒሳቡ ድክመት ነው። ቢሲኤስ የቅንጣቶቹን ቁጥር በአማካይ ብቻ ነው የሚጠብቀው። መፍትሔው ሊፕኪን ኖጋሚ የሚባለው እርማት ነው፣ ወይም ቁጥሩን ከመጀመሪያው የሚጠብቅ ዘዴ። ይሄን ሳታደርጊ «የፔሪንግ መጥፋት አገኘሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ፈታኞቹ አይለቁሽም።

የፔሪንጉን ጥንካሬ ከየት ልወስድ ብትይ፣ ከ44 አይደለም። ከክብደት ልዩነት ውሰጂው። የኒውክለስ ክብደት ኒውትሮኑ ጎዶሎና ሙሉ ሲሆን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያ ከፍ ዝቅ ፔሪንጉን በቀጥታ ይሰጥሻል። እሱን አንድ ጊዜ ወስነሽ ቆልፊው። ከዚያ በዚያው ቁጥር፣ ምንም ሳትነካኪ፣ ፌርሚየም 250ን፣ ኖቤሊየም 252ን፣ ኖቤሊየም 254ንና ራዘርፎርዲየም 256ን አስዪ። አራቱም ተለክተዋል። አራቱን በአንድ ቁጥር ካወጣሽ፣ ወይም አንዱ ላይ ለምን እንደወደቀ ካስረዳሽ፣ ያ የመመረቂያ ሥራ ነው። አንዱን ብቻ አስተካክሎ ማምጣት ግን ልብስ ሰፍቶ ልኩን ሰው መፈለግ ነው።

የሚለካው ነገር ሁሉ በነጻ ይገኛል። አሜሪካ ብሩክሄቨን ያለው የኒውክለር ዳታ ማዕከል እርከኖቹን ሁሉ ይፋ አድርጎ አስቀምጧል፣ ማውረድ ብቻ ነው። ትልቁን ስሌት መሞከር ከፈለግሽ ደግሞ ኤችኤፍኦዲዲ የሚባል በፎርትራን የተጻፈ ፕሮግራም አለ፣ ስካይርምን ከክራንኪንግ ጋር ይሠራል፣ ኮዱ ክፍት ነው። እሱ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ በየደረጃው ውጤቱን ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጊ፤ የጅማ መብራት መቼ እንደሚሄድ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።

«አክስለሬተር በሌለበት» ላልሽው፣ አክስለሬተሩ ያላቸው ሰዎችም ሰንሰለቱን ካዩ በኋላ የሚጠብቁት ስሌት ነው። ለምን ይሄ ሁሉ ድካም ካልሽኝ ደግሞ ከባዶቹ ኒውክለሶች ያለ ሼል ውጤት፣ ማለትም የቅንጣቶቹ እርከን አደራደር ከሚሰጠው ጥንካሬ ውጭ፣ መኖር የለባቸውም። ከፕሮቶን 100 በላይ ኒውክለስን እንደ ፈሳሽ ጠብታ ብቻ ካየሽው እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው ግድብ ከሞላ ጎደል አይኖርም። ኖቤሊየም 254 ግን ስፒኑ 15 ደርሶ እንኳ የ6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ግድብ እንዳለው በ2014 የታተመ ልኬት አሳይቷል። የሚይዘው የቅንጣቶቹ አደራደር ነው። ያንን አደራደር ደግሞ ከመሽከርከሩ ውስጥ ነው የምናነበው።

ስለ «ኤክሳይትድ» (ኢነርጂ ስለተጨመረባቸው) ሰንሰለቶችም አንድ ቃል፣ መነሻው ላይ ብቻ እንዳትቀሪ። ኖቤሊየም 254 ጥንዱ ተፈቶ የተቀመጠበት ረጅም ዕድሜ ያለው እርከን አለው፤ አይሶመር ይባላል፣ ስፒኑ 8 ነው፣ ግማሽ ዕድሜው ሩብ ሴኮንድ ያህል ነው። ጊዮርሶና ባልደረቦቹ በ1973 አገኙት። መነሻው ራሱ በ51 ሴኮንድ ግማሽ ዕድሜ ስለሚፈርስ ለዚህ ዓለም ሩብ ሴኮንድ ብዙ ነው። ወደ መነሻው ሲወርድ መንገድ ላይ ስፒን 3 ያለው ሌላ ሰንሰለት ያገኛል፣ 988 ኪ.ኤ.ቮ. ላይ የሚጀምር። የዚያ ሰንሰለት አንዱ ፕሮቶን የተቀመጠበት ምህዋር፣ ኒውክለሱ ድቡልቡል ቢሆን፣ ፕሮቶን 114 ከሚባለው ታዋቂ ክፍተት በላይ የሚውል ነው። እንግዲህ 102 ላይ ቁጭ ብለሽ 114ን በቀዳዳ ታያለሽ። የስፒን 8ቱ ግን ሁለት ፕሮቶን ነው ወይስ ሁለት ኒውትሮን በሚለው ላይ ተመራማሪዎቹ ተከራክረዋል። ቅርጹን ሳትቀይሪ ጥንድ የፈታሽበት ሰንሰለት ሞመንቱ ከመነሻው ይበልጣል፣ ምክንያቱም እነዚያ ሁለቱ ከፔሪንግ ጨዋታ ወጥተዋል። ኮድሽ ይሄን ማሳየት ካልቻለ የሆነ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው።

ቅርጹ ራሱ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለግሽ ፕሉቶኒየም 240 ላይ ሞክሪ። መነሻው ላይ ስፒን 2 ያለው እርከን 42.8 ኪ.ኤ.ቮ. ነው። ሁለት እጥፍ በተለጠጠው ፊሽን አይሶመሩ (በመሰንጠቅ የሚፈርሰው አይሶመር) ላይ ግን ወደ 20 ይወርዳል፤ ሽፔክትና ባልደረቦቹ በ1972 የለኩት ነው። ሞመንቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ለኮድሽ ጥሩ ፈተና ነው፣ ምክንያቱም ፔሪንግም ቅርጽም አንድ ላይ ይፈተኑበታል።

የመጨረሻ የግራፍ ነገር። ፍጥነቱን አግድም፣ ሞመንቱን ሽቅብ አድርጊ። ፍጥነቱ የጨረሩ ኢነርጂ ግማሽ ነው፤ በሁለት ማካፈሉን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከዚያ ግራፉ ከታተሙት ጋር አይገጥምም። ሁለተኛ መስመር ጨምሪ፦ 4ን በተከታታይ ሁለት ጨረሮች ልዩነት አካፍዪ። ይሄኛው ስፒኑን ማወቅ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ስፒን ሲመደብ የተሠራ ስህተት ቢኖር እንኳ አይነካውም። ከ102ና ከ159 ብትጀምሪ 70 ይሰጥሻል፣ ከ318ና ከ367 ደግሞ ወደ 82። የመጀመሪያው መስመር በዝግታ ሲወጣ ይሄኛው ቀድሞት ነው የሚሮጠው። ሞዴልሽን ከሁለቱም ጋር አስተያዪው፤ አራቱን ኒውክለሶች በአንድ ወረቀት ላይ ካወጣሻቸው በኋላ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።